ለቫርጊስ የቀረጽነው ሰሌዳ

ጡረታ የወጣሁ ቀን አዲሶቹ የሱቁ ባለቤቶች የመስታወት ዋንጫ ሰጡኝ። ከኢንተርኔት የታዘዘ ነው፤ ስሜ የተጻፈውም በሚለጠፍ ወረቀት ላይ ነው። ወጣቱ ማናጀር ዋንጫውን አስጨብጦኝ አጠገቤ ቆመና ፎቶ አስነሣን። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርታማችን በበጋ እንደ ምድጃ ይግላል፤ ዋንጫውን መስኮት አጠገብ አስቀምጬው ስለነበር ብዙም ሳይቆይ የወረቀቱ ጫፍ መነሣት ጀመረ። አላስተካከልኩትም። ባለቤቴ ታምራት በሕይወት ቢኖር ኖሮ ማጣበቂያ ፈልጎ ይመልሰው ነበር።

ታምራት ከሞተ ወዲህ ቀኑ አይመሽልኝም። ልጃችን ሳሮን ስትደውል «ማም፣ ስለ ሥራሽ ለምን አትጽፊም? ዩ ላቭድ ዛት ጃብ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ ሥራዬን እወድ ነበር። ቀስ እያልኩ እጽፋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር ጽፌ እተወዋለሁ። ስለ ሥራዬ ለመጻፍ በተቀመጥኩ ቁጥር አንድ የናስ ሰሌዳ ፊቴ ይደቀናል። እሱን ካልጻፍኩ ሌላውን መጻፍ እንደማልችል ስለገባኝ ወደ እሱ የሚወስደውን መንገድ እጀምራለሁ።

አዲስ አበባ ሳለሁ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ሠራተኛ ነበርኩ። በዲቪ አሜሪካ ስንመጣ ታምራት ታክሲ መንዳት ጀመረ፤ እኔ አናንዴል በሚገኝ የልብስ ንጽሕና መስጫ ተቀጠርኩ። እዚያ የነበረችው አለቃዬ ሰው ስታናግር ዓይኗን ከሸሚዝ ኮሌታ ላይ አታነሣም ነበር። ከዚያ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ሆንኩ፤ ከመሬት በታች፣ መስታወት ቤት ውስጥ። ክረምት ከበጋ ብርሃን የማላይበት ሥራ ስለነበር በትንሽ በትንሹ እየጨለምኩ ሄድኩ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ጎረቤቴ «እዚህ አሌክሳንድሪያ ከተማ ዋንጫና ሰሌዳ የሚሠራ አንድ ህንዳዊ አለ፤ እጁ የጸና ሰው ይፈልጋል፤ ደግሞ አማርኛ ይችላል» አለችኝ። አማርኛ ይችላል ያለችውን እንደ ቀልድ ነበር የሰማሁት።

ሱቁ ከአንድ የጫማ ማደሻ ጎን የምትገኝ ጠባብ ቤት ናት። ስገባ ሽማግሌው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና በጠራ አማርኛ «ተቀመጪ» አሉኝ። ቀጥለው «ደብተር አውጪ» ሲሉኝ ደነገጥኩ። ለካ ከህንድ፣ ከኬረላ ግዛት መጥተው ደብረ ማርቆስ ሒሳብ ያስተማሩ ናቸው። ከአማርኛቸው አብዛኛው ከክፍል የመጣ ስለሆነ ሥራ ሲያዙኝ «ተነሺ»፣ «ጥረጊ»፣ «ድገሚው» ነበር የሚሉት። የሠራሁት ደስ ሲላቸው «ጎበዝ፣ ተቀመጪ» ይሉኛል፤ ተቀምጬ ብሆንም። ሚስተር ቶማስ ይባላሉ። ሚስታቸው ሞታለች፤ ልጅ አልወለዱም።

የቀረጻ መኪናው አሮጌ ነበር። ከናስ የተሠሩ የፊደል ቅርጾች ሐዲድ በሚመስል ቦይ ላይ ይደረደራሉ። በቀኝ እጅ የሚያዘው የብረት ጣት ፊደሉን እየተከተለ ሲሄድ፣ በክንዱ ጫፍ ያለችው መርፌ ያንኑ አሳንሳ ሰሌዳው ላይ ትቀርጻለች። እጅ ከቸኮለ ፊደሉ ጥግ ላይ ይሸረፋል፤ ከዘገየ መስመሩ ይወፍራል። መጀመሪያ ሰሞን የቀረጽኩትን ሁሉ አንሥተው ቁርጥራጭ ናስ የሚጠራቀምበት በርሜል ውስጥ ጣሉት። አንድም ቀን አልተቆጡኝም፤ «ድገሚው» ብቻ ነበር የሚሉት።

ልማዳቸው ብዙ ነው። ጽሑፉን ከመጨረሻው ፊደል ወደ መጀመሪያው ያነባሉ፤ ዓይን የለመደውን ስም እየገመተ ስሕተት ያሳልፋል ይላሉ። ሰሌዳውን ትንፋሽ እንዳያረጥበው እፍ አይሉበትም፤ በፍየል ፀጉር ብሩሽ ነው የሚጠርጉት። ከሁሉ በላይ ግን፣ መርፌዋን ከማሳረፋቸው በፊት የተሸላሚውን ስም ጮክ ብለው ይጠራሉ፤ ክፍል ውስጥ ስም እንደሚጠሩ አድርገው። አቤት የሚል እንደሚጠብቁ ትንሽ ዝም ይላሉ። ከዚያ ይጀምራሉ። ለቦውሊንግ ቡድን ዋንጫም፣ ለእሳት አደጋ አለቃም ያው ነው። በየዓመቱ እየመጣ በራሱ ስም «የዓመቱ ምርጥ ሠራተኛ» የሚል ሰሌዳ የሚያሠራ አንድ ሰውዬ ነበረ፤ ከፋዩም ተሸላሚውም እሱ። አንድ ጊዜ ከሄደ በኋላ ሳቅኩ።

«ምን ያስቅሻል?» አሉኝ ሚስተር ቶማስ።

«ራሱን በራሱ ሲሸልም አያስቅም?»

«መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ስሙን የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም» አሉና የሰውየውን ስም ጮክ ብለው ጠርተው መቅረጽ ጀመሩ።

ደመወዙ ከፓርኪንጉ እምብዛም አይሻልም ነበር፤ ሁለት አውቶቡስና ባቡር ቀያይሬ ነበር የምደርሰው። ለእኔ ግን ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ አልነበረም።

ስለ ወንድማቸው ስለ ቫርጊስ የሰማሁት በምሳ ሰዓት ነው። ታናሽ ወንድማቸው በኬረላ የፊልም ተዋናይ ነበር። እኔ የህንድ ፊልም ሲባል በልጅነቴ ሲኒማ ቤት ያየሁት ዘፈንና ድብድብ ብቻ ይመስለኝ ስለነበር «ይዘፍናል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቁ። ቫርጊስ ፖሊስ ነው፣ የሙሽራዋ አባት ነው፣ ዳኛ ነው፣ የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከዋናው ተዋናይ ጎን ቆሟል። አንድ ጊዜ ግዛቱ የሚሰጠውን የምርጥ ረዳት ተዋናይ ሽልማት አግኝቶ ሚስቱ ሐውልቱን ፍሪጅ ላይ አስቀምጣዋለች። የአገሪቱን ትልቁን ሽልማት ግን ከአንዴም ሦስቴ ስሙ ለመጨረሻው ዳኝነት እየቀረበ ሳያገኘው ቀርቷል።

«ምን ጎደለው?» አልኳቸው።

«ምንም። ቫርጊስ ትዕይንት ውስጥ ሲገባ ሰው የሚያየው አጠገቡ ያለውን ነው። እሱ እንዲያ አድርጎ ይሠራል። ዳኞቹም አጠገቡ ያለውን እያዩ ወጡ።»

በየዓመቱ የኬረላ ተወላጆች ማኅበር ጌይተርስበርግ ውስጥ የእራት ግብዣ ያዘጋጃል። ከአገር ቤት አንድ ተዋናይ ያስመጣና የዕድሜ ዘመን ሽልማት ይሰጣል። ሰሌዳውን የምንሠራው እኛ ነን። ስለዚህ ሚስተር ቶማስ በየዓመቱ የሌላ ተዋናይ ስም ጮክ ብለው እየጠሩ ይቀርጹ ነበር፤ አብዛኞቹ ቫርጊስ ከጎናቸው ቆሞ ያደመቃቸው ናቸው። ስለ ወንድማቸው ለማኅበሩ አንዲት ቃል ተናግረው አያውቁም። ወንድም ስለ ወንድሙ አይመሰክርም ይላሉ።

የተናገረው ታምራት ነው። ሰሌዳዎቹን በታክሲው የሚያደርሰው እሱ ነበር። አንድ ዓመት የማኅበሩ ጸሐፊ የሆነችው ሱማ ስትቀበለው «እናንተ ሰዎች፣ ይኼን የሚቀርጹት ሚስተር ቶማስ ወንድም እንዳላቸው ታውቃላችሁ?» ብሎ ጀመረላት። ሱማ ቫርጊስን ከሕፃንነቷ ጀምሮ በፊልም ታውቀዋለች፤ ወንድማማች መሆናቸውን ግን አታውቅም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ትእዛዙ ሲመጣ የተሸላሚው ስም ቫርጊስ ሆነ።

ሚስተር ቶማስ ወረቀቱን ይዘው ብዙ ቆሙ። ከዚያ «ይኼን አንቺ አትነኪውም» አሉኝ። የዋልኑት እንጨቱን ራሳቸው መረጡ። ናሱን ጠርዙን ሞርደው ሞርደው ሊጨርሱት ነው ብዬ እስክሰጋ ድረስ አሳመሩት። በየቀኑ ጥቂት ፊደል ብቻ ይቀርጻሉ፤ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ስለነበር ጠዋት ጠዋት፣ ሳይደክማቸው። ቫርጊስ ልቡን ታሟል፤ ለጉዞው ሐኪሙ ፈቅዶለታል፤ ሊሳፈር ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። ታምራትን «አየር ማረፊያ አንተ ትወስደኛለህ፤ ታክሲህን እጠበው» ይሉታል። «እርስዎስ ጢምዎን ይላጩ» ይላቸዋል ታምራት።

ስልኩ የተደወለው ያን ሰሌዳ ለመጨረስ በተቀመጡበት ቀን ነው።

ያነሣሁት እኔ ነኝ። የቫርጊስ ልጅ ነበር፣ ከህንድ። ማን መሆኔን ከጠየቀኝ በኋላ በቀስታ እንግሊዝኛ አባቱ ማረፉን ነገረኝ። «አጎቴ ብቻውን ነው የሚኖረው፤ እቤቱ ሆኖ ብቻውን እንዲሰማ አልፈለግኩም። አንቺ አጠገቡ ነሽ፤ እባክሽ ንገሪልኝ። ቀብሩ ነገ ነው። ከቀብሩ በፊት፣ በእናንተ ማታ፣ እደውልለታለሁ፤ ስልኩን ሬሳው አጠገብ እይዝለታለሁ፤ የሚለው ካለ እንዲል» አለኝ። እሺ አልኩት። ሚስተር ቶማስ ከእኔ ጥቂት እርምጃ ርቀው ጀርባቸውን ሰጥተውኛል፤ መኪናው ይጮኻል።

«ማነው?» አሉኝ ሳይዞሩ።

«ደንበኛ ነው» አልኳቸው።

እንዴት እንደ ወጣኝ አላውቅም። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሰው ሥራ ላይ እንዳለ፣ ብቻውን፣ ምሳ ሳይበላ፣ ደጋፊ ሳይቆምለት ወንድምህ ሞተ አይባልም። ሌሊቱን ሳያውቅ በሰላም ይተኛል፤ ሲነጋ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ይሄዳል፤ የሚይዘው ሰው፣ ውሃ የሚያቀብለው ሰው አጠገቡ ሆኖ ይሰማል። እናቴ የአባቷን እንዲህ ሰማች፤ እኔም የእናቴን እንዲህ ሰማሁ። ጓዳ ገብቼ ለታምራት ኮል አደረግኩለት።

«እንዳትነግሪያቸው» አለኝ ወዲያው። «ሽማግሌ ናቸው፤ ብቻቸውን ናቸው። ማታ እኔ ሄጄ አብሬአቸው አመሻለሁ። ለቤተ ክርስቲያናችን ቄስና ለጎረቤቶቻችን አንቺ ተናገሪ፤ ንጋት ላይ አብረን እንገባለን።»

«ልጁ ማታ እደውላለሁ ብሏል።»

«ስልኩን እኔ አስብበታለሁ።»

ስመለስ ሚስተር ቶማስ ጨርሰው ሰሌዳውን በብሩሽ እየጠረጉ ነበር። «ነይ እይ» አሉኝ። እውነት ለመናገር እንደዚያ ያለ ሥራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። «በይ እንጂ» አሉኝ እየሳቁ። «ጎበዝ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው። ለግብዣው ያሳጠሩትን ሱፍ ከልብስ ሰፊው ሊወስዱ ቀደም ብለው ወጡ።

እሳቸው ከወጡ በኋላ ሱማ ደወለች። «ሰምተናል፣ በጣም አዝነናል» አለችኝ። «ስለ ቅዳሜው ጉዳይ ዛሬ ማታ መነጋገር አለብን። እንዲደውሉልኝ ንገሪያቸው፤ ካልሆነም እኛ ቤታቸው እንደውላለን።» የቅዳሜው ጉዳይ ስትል እኔ የገባኝ የግብዣው እራትና ወንበር ነበር። ሰው ሞቶ ግብዣ የሚያስብ ማን አለ ብዬ ልቤ ውስጥ ታዘብኳት። እነግራቸዋለሁ አልኳት፤ ነገ ጠዋት ማለቴ ነበር።

ቤት ገብቼ ቄሱ ንጋት ላይ እንዲመጡልን በስልክ ስለምናቸው ሳሮን ሰማችኝ። ያኔ የኮሌጅ ተማሪ ነበረች።

«እስካሁን አልነገራችሁትም?» አለችኝ።

«ጠዋት ይነገራቸዋል።»

«ማም፣ ኢትስ ሂዝ ብራዘር።»

«ወንድማቸው ስለሆነ ነው እኮ።»

«ለማን ብላችሁ ነው ግን? ለእሱ ነው ለራሳችሁ?»

ጥያቄዋን የባለጌ ጥያቄ አድርጌ ወሰድኩት። ወደሚቀጥለው ጎረቤት መደወሌን ቀጠልኩ።

የዚያን ምሽት የሆነውን የነገረኝ ታምራት ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ። እራት ይዞላቸው ሄደ። መታጠቢያ ቤት ሲገቡ የስልኩን ሽቦ ከግድግዳው ነቀለው። በእጅ የሚያዝ ስልክ አልነበራቸውም። ሚስተር ቶማስ ደስ ብሏቸው ስለነበር «ወንድሜን አይተኸው አታውቅም አይደል?» ብለው የቫርጊስን አንድ ፊልም ከፈቱለት። አስቂኝ ፊልም ነው፤ ቫርጊስ ቲኬት ቆራጭ ሆኖ ተሳፋሪ ሁሉ የሚያታልለው። ቋንቋውን ስለማያውቅ ሚስተር ቶማስ ቆም እያደረጉ በአማርኛ ይተረጉሙለታል፤ ሳቅ ሲደርስ ዞረው ያዩታል። ታምራትም ይስቃል። «ምን ላድርግ ታዲያ» አለኝ። «ካልሳቅኩ ያውቁብኛል።»

ሲነጋ አምስት ሆነን ሄድን፤ ቄሱ፣ ሁለት ጎረቤቶች፣ ታምራትና እኔ። እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ነበር የለበስኩት። ሚስተር ቶማስ በካናቴራ እንደሆኑ በሩን ከፈቱ። አንድ በአንድ አዩን። ደብረ ማርቆስ ከሰው ግቢ ቤት ተከራይተው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሰዎች በዚያ ሰዓት፣ እንዲያ ለብሰው፣ ዝም ብለው በር ላይ ሲቆሙ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ።

«ማነው?» አሉ በአማርኛ።

ቄሱ ጀመር ሲያደርጉ አቋረጧቸው። «ቫርጊስ ነው?»

«እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«መቼ?»

ሌሎቹ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ «ትናንት፤ ከምሳ በፊት ተደውሎ ነበር» አልኩ።

በሩን እንደያዙ ቆሙ። የሚይዛቸው ሰው ይዘን መጥተን ነበር፤ ማንንም አልያዙም። ወደ ታምራት ዞሩ። «ትናንት ማታ አንተ ታውቅ ነበር።»

«አዎ ሚስተር ቶማስ።»

«ስትስቅ ነበር።»

«አዎ።»

ከዚያ ገብተው ስልኩን አነሡት፤ ድምፅ የለውም። ሽቦውን በዓይናቸው ተከትለው መሬት ላይ አገኙት። ተንበርክከው ሲሰኩት ታምራት ሊረዳቸው ጎንበስ አለ፤ በእጃቸው መለሱት። የወንድማቸው ልጅ ሲያነሣላቸው ከቀብር ተመልሰው ሰው እያበሉ ነበር። እስከ ቀብሩ ሰዓት ድረስ ሲደውልላቸው መቆየቱን ነገራቸው። በቋንቋቸው ነው ያወሩት፤ ብዙም አላወሩም።

ሱማ ቀጥላ ደወለች። በማኅበሩ ደንብ ሽልማት የሚሰጠው ለተገኘ ሰው ነው፤ ከሞተም የቤተሰብ ሰው ቆሞ ለመቀበል ቃሉን ከሰጠ ብቻ። ኮሚቴው ማታ የተሰበሰበው ለዚያ ነበር። ቤታቸው ደጋግመው ደውለው የሚያነሣ ሲያጡ፣ በሐዘን ላይ ናቸው፣ አልፈለጉም ብለው ደመደሙ። ኒው ጀርሲ ለትርኢት የመጣ ሌላ ተዋናይ ነበርና ሽልማቱ ለእሱ ሆነ። ተነግሮታል፤ ደስ ብሎት ተቀብሏል።

ታምራት «እኔ ሄጄ ልንገራቸው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይመልሱት» እያለ ተነሣ። ሚስተር ቶማስ «ተቀመጥ» አሉት። «የተጋበዘ ሰው አይባረርም።» ቀኑን ሙሉ የተናገሩት ያንን ብቻ ነው።

ወደ ሱቅ የተመለሱት ከግብዣው አንድ ቀን ቀደም ብለው ነው። ሱማ እንጨቱ ያው ይሁን፣ ናሱ ብቻ ይቀየር ብላ አዝዛ ነበር። የተለጠፈ ናስ በሙቀት ካልላላ አይነሣም። እንዳላቅቀው ለእኔ ሰጡኝ። የፀጉር ማድረቂያ ይዤ አሞቅኩት፤ በደንብ ሳይላላ ቸኩዬ ስስበው መሃሉ ላይ ታጠፈ። የቫርጊስ ስም ተቆልምሞ እጄ ላይ ቀረ። ተቀብለውኝ እንደ ማንኛውም የተበላሸ ሥራ ቁርጥራጩ ውስጥ ጣሉት። ከዚያ ተቀምጠው የሌላውን ሰውዬ ስም መቅረጽ ጀመሩ። ስሙን ጮክ ብለው አልጠሩም። ያስለቀሰኝ ይኼ ነው፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሱቁ ውስጥ የማንንም ስም ጮክ ብለው ጠርተው አያውቁም።

አላባረሩኝም፤ ፊትም አልነሡኝም። ሲያስተምሩኝ እንደ ድሮው ነው፤ «ድገሚው» ይሉኛል። አንድ ሌላ ነገር ብቻ ተለወጠ። ስልክ ሲጮኽ፣ መርፌዋ ፊደል መሃል ብትሆንም፣ መኪናውን አቁመው እየሮጡ ራሳቸው ያነሡታል። እኔ ስልኩ አጠገብ ተቀምጬ እሳቸው ከማዶ በዚያ ዕድሜያቸው ሲሮጡ ማየት፤ ለብዙ ዓመት የሠራሁት ሥራ ያ ነበር ብል ይቀለኛል።

ቤት ውስጥ እኔና ታምራት ስለ ነገሩ አንነጋገርም ነበር። ለደግ ብለን ነው ያደረግነው የሚለውን ቃል ሁለታችንም እየጀመርን እንተወዋለን። ሱማን ስለ ወንድማማቾቹ የነገራት እሱ፣ ስልኩን የነቀለውም እሱ በመሆኑ ነገሩ ከእኔ ይልቅ ታምራትን ይበላው ነበር። ወደ ጌይተርስበርግ ሰሌዳ ማድረስ ተወ፤ ሌላ ሰው ፈለግን።

በብርሃን የሚቀርጸው፣ ሌዘር የሚባለው መኪና ሲመጣ ሥራችን ተለወጠ። ዩ ስትሪት ላይ ኪራይ አልቻል ብሎት ሬስቶራንቱን ለሚዘጋ አንድ የአገራችን ሰው ደንበኞቹ ሰሌዳ ሊያሠሩለት መጥተው፣ በኮምፒዩተር ፎቶውን ጭምር አድርገን ምሳ ሳይደርስ አስረከብናቸው። ሚስተር ቶማስ ቆመው አዩና «ፈጣን ነው» አሉ። ብዙም ሳይቆዩ ሱቁን ሸጡ። እግራቸው ሲከዳቸው እኛ ሰፈር አቅራቢያ የአረጋውያን መጦሪያ ገቡ፤ እሑድ እሑድ እጠይቃቸው ነበር። ታምራት መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

ታምራት በታመመ ጊዜ፣ መዳን እንደሌለው ሁለታችንም ባወቅንበት ሰሞን፣ «የቫርጊስን ሰሌዳ እንደገና ሥሪው» አለኝ። «ከሞትኩ በኋላ አይደለም፤ አሁን።» አሮጌው የቀረጻ መኪና ሱቁ ጓዳ ውስጥ ሸራ ለብሶ ነበር። ማናጀሩን አስፈቅጄ አቧራውን አራገፍኩለት። የተማርኩትን ሁሉ አደረግኩ፤ ከመጨረሻው ፊደል ወደ መጀመሪያው አነበብኩ፤ ጠዋት ጠዋት ብቻ ቀረጽኩ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጠው ሥራ እሱ ነው። ዋልኑት ላይ ለጥፌ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤላቸው ሄድኩ።

ሚስተር ቶማስ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ፈቱት። በአውራ ጣታቸው ጠርዙን ዳሰሱት። ከዚያ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ የወንድማቸውን ስም ጮክ ብለው ጠሩት። ትንሽ ዝም አሉ።

«ሥራው ጥሩ ነው» አሉኝ። «የሚሸልመው ማነው?»

«እኔና ታምራት ነን።»

«የቫርጊስን ሥራ ታውቁታላችሁ?»

እኔ አንድም ፊልሙን አላየሁም፤ ታምራት ያየው ያችን ማታ ብቻ ነው።

«ሽልማት የሚሰጠው ሥራውን ያየ ሰው ነው» አሉኝ፤ ድምፃቸው ክፍል ውስጥ ሒሳብ እንደሚያስረዱ ነበር። «ይኼ የእናንተ ሐዘን ነው። ሐዘናችሁን ተቀብያለሁ። ሰሌዳውን ውሰጂው።»

«ተቀይመውናል?»

«አይ። ደክሞኛል።»

ራሳቸው መልሰው ጠቀለሉልኝ፤ ጨርቁን ጥግ በጥግ አጥፈው።

ቤት ስደርስ ታምራት ነቅቶ ይጠብቀኝ ነበር። ትራሱን ከፍ አደረግኩለት።

«ተቀበሉሽ?» አለኝ።

«ተቀበሉኝ።»

«የት አደረጉት?»

«ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ከአልጋቸው ፊት ለፊት፤ ሲነቁ በሚያዩት በኩል።»

«ስሙን ጠሩት? ጮክ ብለው?»

«ጠሩት» አልኩት። ከነገርኩት ሁሉ እውነቱ ይኼ ብቻ ነበር።

ዓይኑን ጨፈነ። እንዲያ ያለ እረፍት ፊቱ ላይ ካየሁ ቆይቼ ነበር። «እንግዲህ ደህና» አለኝና እጄን ይዞ ተኛ። ሰሌዳው ኮሪደሩ ላይ፣ ከካፖርቴ ሥር፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እንዳይነቃ ብዬ እጄን ሳላስለቅቅ እስኪመሽ ድረስ ተቀመጥኩ።